ግንዱን የተሸከመው ማነው?

ባለፈው ሰሞን ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነበር። እንደምታውቁት የእኛ አገር የለቅሶ ድንኳን ከሦስተኛው ቀን በኋላ ፓርላማ ነው። የሟች ነገር ያልቅና የአገር ነገር ይጀመራል። ከጎኔ አንድ ወጣት መሐንዲስ ተቀምጧል፤ ጨዋ፣ አንባቢ፣ ንግግሩ የተቆጠበ ልጅ። ወሬው ከመንገድ ወደ ግድብ፣ ከግድብ ወደ ዕድገት ሲዞር ወደ እኔ ዘወር አለና፣ «ጋሼ፣ መቼም እርስዎ የመጽሐፍ ሰው ነዎት፤ ከተሳሳትሁ ያርሙኝ። የሠለጠነ አገር ሁሉ መጀመሪያ ጨክኗል። ጃፓንን ይመልከቱ። ጥቂት ሰው ሳይጎዳ ብዙ ሰው አያልፍለትም» አለኝ።

ዙሪያውን የተቀመጡት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም የነቀነቅሁ ይመስለኛል። ለቅሶ ቤት ክርክር አያምርም ብዬ ነው ልል እችላለሁ። እውነቱን ልናገር ካልሁ ግን ያ አባባል ለእኔ እንግዳ አልነበረም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርሁባቸው ዓመታት የከበደ ሚካኤልን «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች»ን ስንቱ ተማሪ እጅ ላይ አድርጌያለሁ! እንዴት እንደ ሠለጠነች ጠይቄያለሁ፤ በማን ትከሻ ላይ ብዬ ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም። ልጁ የተናገረው እኔና መሰሎቼ ያስተማርነውን ነው።

ስለዚህ ያን ቀን ያልሰጠሁትን መልስ ዛሬ ልስጠው። መልሴ ከአንድ ተራራ ይጀምራል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እሰጣለሁ፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

ታይዋን ከቻይና በስተምሥራቅ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር ያለች ደሴት ናት። ዛሬ ስሟ ሲነሣ ሰው ትዝ የሚለው የኮምፒውተር ቺፕ ነው። መሐሏ ግን ተራራ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆኑ ከ200 የሚበልጡ ጫፎች አሏት። እዚያ ላይ ቻይናዎች ባሕር ተሻግረው ከመምጣታቸው ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የሰፈሩ ሕዝቦች ይኖራሉ። ቋንቋቸው ከቻይንኛ ጋር አይዛመድም፤ ዘመዶቹ የፊሊፒንስ፣ የማዳጋስካር፣ የሃዋይና የኒውዚላንድ ማኦሪ ቋንቋዎች ናቸው። ከእነዚህ ተራራተኞች አንዱ ሕዝብ ሴዲቅ ይባላል።

በ1895 ቻይና በጦርነት ተሸንፋ ደሴቲቱን ለጃፓን አስረከበች። ተራራውን ግን እሷ ራሷም በወጉ ገዝታው አታውቅም፤ የሌላትን ነው የሰጠችው። አዲሱ ጌታ ተራራውን የፈለገው ለነዋሪው አዝኖ አልነበረም። ካፉር ነው ነገሩ። ከካፉር ዛፍ እንጨት እየተነጠረ የሚወጣው ይህ ጠረናም ነገር ያን ጊዜ መድኃኒትም ነበር፣ የፊልም ጥቅልል የሚሠራበት ሴሉሎይድም ያለ እሱ አይሆንም። ለዓለም ገበያ ከሚቀርበው ካፉር ትልቁን ድርሻ የምትሰጠው ታይዋን ነበረች። መንግሥት በ1899 ንግዱን ለብቻው ያዘ። ዛፉ ግን የቆመው ሰዎቹ ባሉበት ተራራ ላይ ነው።

እንግዲህ ተራራው ታጠረ። ኬላ፣ ፈንጂ፣ ኤሌክትሪክ የተለቀቀበት ሽቦ። አጥሩ ባለበት አይቆምም፤ በየጊዜው ሽቅብ ይገፋል። ጨውና ጥይት ወደ ላይ እንዳይወጣ ተከለከለ። ጨው! አሞሌን እንደ ገንዘብ የቆጠረ አገር ሰው ጨው መከልከል ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። በ1910 ገዢው ሳኩማ ሳማታ ተራራውን ጠቅልሎ ለማስገበር የአምስት ዓመት ዘመቻ ጀመረ። መንደር ተቃጠለ፤ ጠመንጃ ተገፈፈ። በመዝገብ ላይ ለዚህ ሁሉ የተሰጠው ስም «አረመኔዎችን ማስተዳደር» የሚል ነበር።

ጃፓኖች ሙሻ፣ ቻይናዎች ውሼ የሚሉት የሴዲቆች አካባቢ የዚህ ሥራ ማሳያ ሆነ። ትምህርት ቤት ተከፈተለት፤ ፖስታ ቤት ተሠራለት፤ እንግዳ ሲመጣ የሚታየው እሱ ነው። የዕለት ኑሮውን የያዘው ግን ፖሊስ ነበር። ፖሊሱ አስተማሪ ነው፤ ፖሊሱ ዳኛ ነው፤ ፖሊሱ ደመወዝ ከፋይም ነው። የጥንቱ የፊት ንቅሳት ተከለከለ። ጃፓናውያን ፖሊሶች የባላባት ልጆችንና እህቶችን እንዲያገቡ መንግሥት ራሱ ገፋፋ፤ አንዳንዶቹም ሌላ ቦታ ሲዛወሩ ሴቶቹን ጥለዋቸው ሄዱ። የማሄቦ መንደር አለቃ የሞና ሩዳዎ እህት እንዲህ ከተጣሉት አንዷ ነበረች።

ከሁሉም የሚቆጠቁጠኝ የእንጨቱ ነገር ነው። ለትምህርት ቤቱ ማደሪያ ግንድ ከጫካ ይመጣ ነበር። ሴዲቆች ግንድ ጎትተው ማምጣት ነው የሚያውቁት። ፖሊሶቹ እንጨቱ ይጫጫራል አሉ። ስለዚህ በዚያ ገደል፣ በዚያ ቁልቁለት፣ በትንሽ ክፍያ በትከሻ ተሸክመው እንዲያመጡት ታዘዙ። የእንጨቱ ልጣጭ እንዳይነካ የሰው ቆዳ ይላጥ ማለት ነው። እኔ ስለ ቅኝ አገዛዝ ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ነገሩን ከዚህ ግንድ አሳጥሮ የነገረኝ ግን የለም።

«ታዲያ ሞና ሩዳዎ የጃፓንን ጉልበት ሳያውቅ ነው የተነሣው» የሚል ይኖራል። አያዋጣም። ሞና ሩዳዎ በ1911 ጃፓን ድረስ ተወስዶ ታይቶለታል፤ ከተማውን፣ ፋብሪካውን፣ ሠራዊቱን አይቶ ተመልሷል። ጉብኝቱ የተዘጋጀው አይቶ እንዲፈራ ነው። ቁጥሩን ያውቃል። ስለዚህ የ1930ውን አመፅ በአለማወቅ ልናመካኝ አንችልም። አሸንፋለሁ ብሎ ሳይሆን ከዚህ በላይ አልሸከምም ብሎ የተነሣ ሰው ነው፤ ይህንን ደግሞ ካልኩሌተር አያስረዳውም።

በጥቅምት 7 ቀን 1930 ማሄቦ ውስጥ ሠርግ ነበር። አንድ ጃፓናዊ ፖሊስ በዚያ ሲያልፍ የሞና ሩዳዎ ልጅ ታዶ ሞና ከድግሱ እንዲጠጣ ጋበዘው። ሴዲቆች ዘንድ ከአንድ ጽዋ አብሮ መጠጣት ወዳጅነት ነው። ልጁ ግን ፍሪዳ ሲያርድ ስለነበር እጁ ደም ነክቶታል። ፖሊሱ ተጸየፈና በያዘው ዱላ እጁን መታው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሠርግ ቤት ያደገ ሁሉ መገመት ይችላል፤ ፖሊሱ ተደበደበ። አባትየው መጠጥ ይዞ ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ፤ ይቅርታው አልተቀበለውም። ቅጣት እንደሚመጣ ሁሉም አወቀ።

በጥቅምት 27 ቀን ማለዳ ሙሻ ትምህርት ቤት የስፖርት በዓል ነበር። የአካባቢው ጃፓናውያን ከነቤተሰባቸው ተሰብስበዋል። 300 ያህል የስድስት መንደር ሰዎች በየኬላው ያገኙትን ፖሊስ ገድለው፣ ጠመንጃውን ይዘው፣ የስልክ ሽቦውን ቆርጠው ሜዳው ላይ ወረዱ። 134 ጃፓናውያን ተገደሉ። ከእነዚህ ውስጥ ሴቶችና ሕፃናት አሉ። የጃፓን ልብስ የለበሱ ሁለት የደሴቲቱ ቻይናውያንም በስሕተት አብረው ሞቱ።

እዚህ ላይ ማለፍ አልፈልግም። የጀግንነት ጽሑፍ የሚጽፉ ሰዎች ሕፃናቱን በአንድ ቃል ዘለው ወደ ተራራው ይወጣሉ። እኔ አልዘልም። ያ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የወደቀ ልጅ ግንድ ያሸከመው ሰው የለም፤ ማንንም አልበደለም። የተበደለ ሰው የሠራው ሁሉ ትክክል ነው የሚል ፍርድ እኔ ዘንድ የለም። ነገር ግን ይህንኑ ሚዛን ይዘን እንቀጥል። ሚዛን ለአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ሚዛን አይባልም።

መልሱ መጣ። ከ2,000 የሚበልጥ ወታደርና ፖሊስ፣ የተራራ መድፍ፣ አውሮፕላን። ከአውሮፕላን የጋዝ ቦምብ ተጣለ፤ የታሪክ ሰዎች ዛሬም ድረስ የሚከራከሩት ጋዙ ምን ዓይነት ነበር በሚለው ላይ ነው። ጫካ የገቡት ከ50 ቀን ያህል በላይ አልቆዩም። ብዙ ሴቶች ወንዶቹ የሚበሉት እንዳያንስ፣ እነሱም እጅ እንዳይገቡ ብለው በየዛፉ ሥር ሕይወታቸውን አጠፉ። ስድስቱ መንደሮች 1,200 ያህል ሰው ነበራቸው። ከ600 በላይ አለቁ፤ ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉ በገዛ እጃቸው የሞቱ ናቸው። ሞና ሩዳዎም ወደ ተራራው ጥልቅ ብቻውን ገብቶ ራሱን ገደለ።

አሁን «አረመኔ» ወደሚለው ቃል እንመለስ። ሴዲቆች ጥንት የጠላት ራስ ይቆርጡ ነበር፤ ወንድ ልጅ ለአቅመ አዳም ደረሰ የሚባለው በዚያ ነው። ይህ አይካድም፤ አይደነቅምም። ጃፓን ተራራውን ልይዝ የምችልበት ዋና ማስረጃዬ ይኸው ነው አለች፤ ልማዱንም ከለከለች። በ1930 ግን ያው የሥልጣኔ መንግሥት ከጎረቤት የሴዲቅ ወገኖች ሰው አሰልፎ ለሚያመጡት ራስ ገንዘብ ከፈለ። ለወንድ ይህን ያህል፣ ለሴት ይህን ያህል፣ ለልጅ ይህን ያህል። ልማዱ በአባቶች ሕግ ሲሆን አረመኔነት ነበር፤ በደረሰኝ ሲሆን አስተዳደር ሆነ።

በዚህም አላበቃም። በሕይወት የተረፉት በመጠለያ ተሰብስበው በፖሊስ ጥበቃ ሥር ሳሉ፣ በሚያዝያ 25 ቀን 1931 ሌሊት እነዚያው የተሰለፉ ጎረቤቶች ፖሊስ እያወቀ ገቡና ከ200 በላይ ሰው ገደሉ። የቀሩት 298 ነበሩ። በግንቦት ወር ከተራራቸው ወርደው ወንዝ ዳር አዲስ መንደር ውስጥ ሰፈሩ። 1,200 ገደማ የነበረው 298 ሆነ። ልጄ መሐንዲሱ፣ «ጥቂት ሰው» ያልኸኝ ይህ ነው።

የትምህርት ሰው ስለሆንሁ ከሁሉም ይልቅ እንቅልፍ የሚነሡኝ ሁለት ሴዲቆች አሉ። ጃፓኖች ሃናኦካ ኢቺሮና ሃናኦካ ጂሮ ብለው ሰይመዋቸዋል። ኢቺሮ ማለት የመጀመሪያ ልጅ፣ ጂሮ ማለት ሁለተኛ ልጅ ነው፤ ወንድማማች ግን አልነበሩም። የሥልጣኔው በኩር ልጆች ተብለው ተሰየሙ ማለት ነው። ኢቺሮ መምህራን ማሠልጠኛ ድረስ ተምሮ ተመረቀ። ከዚያስ? ተራራው ላይ ዝቅተኛ ፖሊስ ተደርጎ ተመደበ። አመፁ ሲነሣ በሁለቱ መካከል ቆሙ። በቤታቸው ግድግዳ ላይ በተገኘው ማስታወሻ ሕዝቡ የተቆጣው በጉልበት ሥራው ብዛት መሆኑን ገልጸው ተሰናብተዋል። ኢቺሮ ኪሞኖ ለብሶ በጃፓን ባላባት ወግ ከነሚስቱና ከነሕፃኑ ሞተ። ጂሮም ከዘመዶቹ ጋር ሞተ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ወገን ይገባናል ብሎ ተሻማባቸው። ታማኝ ጃፓናውያን ነበሩ፤ የለም፣ ድብቅ አርበኞች ነበሩ። እኔ ግን ስመለከታቸው የማየው የተማረ ሰው ነው። በአንድ ቋንቋ አልሞ በሌላ ቋንቋ ፈተና ያለፈ፣ ከሁለቱም ቤት በር ላይ የቆመ። ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ ስንቱን ዓመት ማርክ ሰጥቻለሁ!

አሁን ወደ እኛ። ይህን ታሪክ የሩቅ ደሴት ወሬ አድርጎ ማንበብ ይቻላል፤ ቀኖቹ ግን አይፈቅዱም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ላይ ዘውድ የደፉት በኅዳር 2 ቀን 1930 ነው፤ ሙሻ ላይ አመፁ ከተነሣ ገና ስድስት ቀኑ ነበር። በሐምሌ 1931 በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የተረቀቀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን ታወጀ፤ አርአያው የጃፓን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነው። በመስከረም ጃፓን ማንቹሪያን ወረረች። በኅዳር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ገቡ። ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ፤ በእኛ አቆጣጠር በ1924 ዓ.ም. ታተመ። ርእሱን ተመልከቱ፤ የብርሃን ማደሪያ። የሙሻ ተራራ ከታረደ ዓመት ከወሩ ነው።

ኅሩይን አልከስም። እንግዳ የሚያየው አስተናጋጁ የሚያሳየውን ነው። አገራቸው ዙሪያዋን በአውሮፓ ቅኝ ተከባ ነበር፤ ነጭ ያልሆነ ሆኖ የቆመ አገር ፈልገው ነው የሄዱት፤ አገኙም። ለእሳቸው ዘመን ተስፋው የሚገባ ተስፋ ነበር። የምከሰው ራሴን ነው፤ ከእሳቸው በኋላ የመጣነውን፣ መዝገቡ ተከፍቶ ሳለ የብርሃኑን ምዕራፍ ብቻ ያነበብነውን። ቅኝ ገዢ ማለት ነጭ ማለት ነው ብለን ስለተማርን፣ ገዢው የእስያ ሰው ሲሆን ዓይናችን አላየም።

ታሪክ ግን ሳይመጣ አልቀረም። በጥቅምት 1935 ጣሊያን መጣ። ከዚያ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በእኛ ተራሮች ላይ ከአውሮፕላን መርዝ ዘነበ። እሱም ያወራ የነበረው ስለ ሥልጣኔ ነው፤ አረመኔዎችን ላሠለጥን መጣሁ ይል ነበር። በ1936 መገባደጃ ጃፓን የጣሊያንን ይዞታ ተቀበለች፤ ጣሊያንም በፋንታዋ ጃፓን ማንቹሪያ ላይ ላቆመችው መንግሥት እውቅና ሰጠች። ተራራተኛ በተራራተኛ ተመነዘረ። ያን ጊዜ ለአዲስ አበባ ሰው «የሠለጠነ አገር መጀመሪያ ይጨክናል» የሚለው የሚጣፍጥ አባባል ይሆን ነበር? በሙሻ ሚዛን ላይ «ጥቂቱ ሰው» ሴዲቅ ነበር፤ በማይጨው ሚዛን ላይ እኛ ሆንን።

ለተማሪዎቼ ሳልነግራቸው የቀረሁት አንድ የቋንቋ ነገር አለ። ሥልጣንና ሥልጣኔ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በግእዙ ሠልጠነ ማለት በላይ ሆነ፣ ገዛ ማለት ነው። ቋንቋችን ምስጢሩን አልደበቀም፤ እኛ ነን ሥልጣኔ ስንል ከበላዩ ያለውን ብቻ እያየን ከበታቹ ያለውን የረሳን።

ከሞት በኋላስ ሞና ሩዳዎ ምን ሆነ? አስከሬኑ በ1933 ተገኘ። ለሕዝብ እንዲታይ ተደረገ፤ ከዚያ ለምርምር ተብሎ ወደ ዩኒቨርሲቲ ገባ። አዎን፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ። በ1945 ጃፓን ሄደች፤ ቻይናዎች መጡ፤ ዩኒቨርሲቲው ስም ቀየረ፤ አጥንቱ ግን እዚያው ቆየ። ሙሻ ላይ የተቀበረው በ1973 ነው። 40 ዓመት ሙሉ የምሁራን ንብረት ነበር። አዲሶቹ ገዢዎች ፀረ ጃፓን አርበኛ ብለው ሐውልት አቆሙለት። በ2001 መልኩ በ20 ዶላር ሳንቲም ላይ ታተመ። ሕዝቡ ግን ሴዲቅ ተብሎ በራሱ ስም በመንግሥት የታወቀው በ2008 ነው፤ እስከዚያ ድረስ በሌላ ሕዝብ ስም ሥር ተቆጥሮ ነበር። ሰውየውን በሳንቲም ላይ ለማተም ከሕዝቡ ስም ሰባት ዓመት ቀደመ ማለት ነው። ፕሬዚዳንት ጻይ ኢንግ ዌን በ2016 የደሴቲቱን ነባር ሕዝቦች በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ፤ በማግሥቱ ዓመት ነባሮቹ የመሬታችን ነገር በጎደለ ሕግ ተሸፈነ ብለው በዋና ከተማዋ ጎዳና ላይ ድንኳን ተክለው ተቀመጡ። ሐውልት ርካሽ ነው፤ ሳንቲምም ርካሽ ነው። ውዱ መሬት ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ድንኳኑ ውስጥ ዝም ያልሁህ መልሱ ረጅም ስለሆነ ነው። መንገድ አትሥራ፣ ግድብ አትገድብ አልልህም፤ ሥራ እንጂ። ከጃፓንም የሚቀሰም ብዙ ነገር አለ፤ ይቀሰም። ግን «ጥቂት ሰው» የሚለውን ቃል ከአፍህ ከማውጣትህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቅልኝ። ጥቂቱ ማን እንደሚሆን የሚመርጠው ማነው? ጥቂቱ ራሱ መርጦ አያውቅም። እንጨቱ እንዳይጫጫር ብሎ የሚያዝዘውስ ራሱ ተሸክሞት ያውቃል? ያዘዘው እንጂ የተሸከመው ጃፓን ውስጥም፣ ታይዋን ውስጥም፣ እኛ ዘንድም የመጽሐፍ ርእስ ሆኖ አያውቅም።

በሚቀጥለው ለቅሶ ብንገናኝ፣ እግዜር ያርቀውና፣ ራሴን አልነቀንቅም።